በበረዶ አገር እንግዳን ማሳደር

በአገራችን መንገደኛ ሲመሽበት «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከአንዱ ደጃፍ ቢጣራ ማደሪያና እራት አያጣም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጸው ያሰብነው ግን ያለ ፈቃድ የሚጣሩበት ደጃፍ የሌለውን ሥፍራ ነው። ይኸውም በግሪንላንድ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ፥ ከሰሜን ዋልታ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የፒቱፊክ የአሜሪካ ጦር ሠፈር ነው፤ እስከ 2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ድረስ ቱሌ ይባል ነበር።

እንግዳው የሚያድርበት ቤት «ኖርዝ ስታር ኢን» ይሰኛል፤ የሰሜን ኮከብ ማረፊያ ማለት ነው። ስሙ ታላቅ ሆቴል ያስመስለዋል እንጂ የሚሰጠው የወታደር ሠፈር መኝታ ነው። በክረምት ፀሐይ ለወራት ከቶ አትወጣም፤ በሌላው ወቅት ደግሞ ስለማትጠልቅ፥ ለመተኛት መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ መከለል ያሻል።

የምግቡ ነገር ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። በዚያ ምድር እህል አይበቅልም፤ ባሕሩም አብዛኛውን ዓመት በረዶ ሆኖ ይከርማል። ስለዚህ የዓመቱ ከባድ ጭነት የሚገባው ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው አጭር ጊዜ፥ በረዶ ሰባሪ መርከብ መንገድ እየከፈተለት ነው። የቤት እመቤቶቻችን ሽሮና በርበሬ ለክረምት ሲያሰናዱ ምን ያህል እንደሚደክሙ የሚያውቅ ሰው፥ የአንድ ሠፈር ሕዝብ የዓመት ስንቅ አስቀድሞ መቁጠር ምን ያህል እንደሚከብድ አይጠፋውም። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ግን በአውሮፕላን ይመጣል፤ ሰማዩ ከጠቆረ ይዘገያል።

ነፋሱ ብርቱ ነው። በመጋቢት 1972 በሰዓት 333 ኪሎ ሜትር ተመዝግቧል። የከፋ ማዕበል በታወጀ ጊዜ ማንም ካለበት ሕንፃ አይወጣም፤ ወደ ምግብ ቤት መሄድም ይቀራል። በጐዳና ላይ ለሚያዘው መንገደኛ በየመንገዱ ዳር ምግብ የተቀመጠባቸው ትናንሽ መጠለያዎች ተሠርተዋል። ለእኛስ ከሰሜን ኮከብ ማረፊያ ይልቅ እውነተኛ እንግዳ ተቀባይ ሆነው የታዩን እነዚህ ናቸው።

የሥፍራው ባለቤቶች ግን እንዲህ ያለ መስተንግዶ አላገኙም። በ1953 የዴንማርክ መንግሥት ሠፈሩ እንዲሰፋ ሲል 27 የአዳኞች ቤተሰቦችን በጥቂት ቀናት ማስጠንቀቂያ አስነሥቶ፥ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ወደ ቃናክ ሰደዳቸው። ቤቶቹ ስላልተሠሩላቸው፥ እናቶች ከነልጆቻቸው እስከ መስከረም ድረስ በድንኳን አደሩ። የዴንማርክ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 ካሣ ፈረደላቸው፤ ወደ ቀድሞ ምድራቸው መመለስን ግን አልፈቀደም።