ካሜራችሁን አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊት



አክሽን ካሜራ ያላችሁ ይህን መልእክት ታውቁታላችሁ። ካሜራውን ከስልካችሁ ጋር ስታገናኙት "አዲስ ፈርምዌር አለ፣ አሁን ይጫን?" ይላችኋል። ግማሾቻችን ሳናነብ "እሺ" እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ "በኋላ፣ በኋላ" እያልን ዓመት እናስቆጥራለን። ሁለቱም ጥሩ አይደሉም። በዚህ የትምህርት እረፍት ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ብዙ ናችሁ፤ የማኅበራችንን ካሜራ የምትዋሱም አላችሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ ብዬ ነው። እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ግን የማኅበሩን ዝግጅት የምቀርጸው እኔ ስለሆንኩ፣ ካሜራውን አፕዴት የማደርገውም እኔው ነኝ።

ፈርምዌር ምንድን ነው?

ካሜራ ማለት ሌንስ፣ ባትሪና ስክሪን ብቻ አይደለም። ውስጡ የተጫነ ፕሮግራም አለ። ቁልፉን ስትጫኑ መቅረጽ እንዲጀምር፣ ስትሮጡ ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ፣ ቪዲዮው በትክክል እንዲቀመጥ የሚያዘው እሱ ነው። ፈርምዌር የምንለው ይህንን ነው። የሚኖረው ደግሞ አውጥታችሁ በምታስገቡት ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ ሳይሆን፣ በካሜራው በራሱ ሜሞሪ ውስጥ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ ቆይቶ ይጠቅመናል።

ታዲያ የሚሠራ ካሜራ ለምን ይነካል? አንደኛው ምክንያት አዲስ ችሎታ ነው። ጎፕሮ ሂሮ8 ብላክ ገበያ ላይ የወጣው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ ዌብካም ሆኖ አያገለግልም ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ ኮቪድ ሁላችንንም ቤት ዘግቶ ዙም ላይ ባስቀመጠን ጊዜ፣ ኩባንያው በአዲስ ፈርምዌርና ኮምፒውተር ላይ በሚጫን ፕሮግራም ይህን ችሎታ ሰጠው። ካሜራው ያው ነው፤ የተለወጠው ውስጡ ያለው ፕሮግራም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጥገና ነው። ጎፕሮ ካርማ የሚባል ድሮን ነበረው፤ ሽያጩ በ2018 እ.ኤ.አ. ቆሟል። በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ግን ባለቤቶቹ ድሮናቸውን ማስነሳት አቃታቸው። ክንፉም ሞተሩም ደህና ነበር። ችግሩ ከጂፒኤስ የጊዜ አቆጣጠር ጋር የተያያዘ ነበር። እንደገና የበረሩት ኩባንያው አዲስ ፈርምዌር ካወጣላቸው በኋላ ነው። "የእኔ ካሜራ አሮጌ ነው፣ አፕዴት ምን ያደርግለታል?" የምትሉ ይህን አስቡ።

አደጋው የቱ ጋ ነው?

ፈርምዌር የሚቀመጥበት ሜሞሪ ላይ አዲስ ነገር ለመጻፍ፣ መጀመሪያ የነበረው መደምሰስ አለበት። የቤት ጣሪያ እንደ መቀየር አድርጋችሁ ውሰዱት። አሮጌው ቆርቆሮ ተነስቶ አዲሱ እስኪመታ ድረስ ቤቱ ክፍት ነው። ለዚህ ነው ጣሪያ በበጋ የሚቀየረው። አሮጌው ተደምስሶ አዲሱ ገና በግማሽ ሳለ ባትሪው ካለቀ፣ ካሜራው ማንን እንደሚሰማ አያውቅም።

ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ያን ያህል ተስፋ አይቆርጥም። ከዋናው ፈርምዌር በፊት የሚነሳ ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። እሱ ካልተነካ ካሜራው ሌላ ሙከራ ሊቀበል ይችላል። እሱም ከተበላሸ ግን ቁልፉን ብትጫኑትም ብትለምኑትም መልስ የማይሰጥ ዕቃ ይሆናል።

ይህን ነገር በደንብ የገባኝ ስለ ፔስሜከር ስንማር ነው። ፔስሜከር ደረት ውስጥ ተቀብሮ የልብን ምት የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ ነው፤ እሱም ፈርምዌር አለው። በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ አንድ ኩባንያ ለሠራቸው ፔስሜከሮች የደኅንነት ክፍተት የሚዘጋ የፈርምዌር አፕዴት ማጽደቁን አስታወቀ። በአሜሪካ ብቻ ወደ 465,000 መሣሪያዎችን የሚመለከት ነበር። አፕዴቱ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሆኖም በሽተኛው ቤቱ ተቀምጦ የሚያደርገው ነገር አልነበረም፤ ሐኪም ቤት ሄዶ ባለሙያ ፊት ነው የሚደረገው። በእነዚያ ደቂቃዎች መሣሪያው ወደ መጠባበቂያ አሠራር ገብቶ ልብን በደቂቃ 67 ጊዜ ያስመታል። ሲያልቅ ወደ ቀድሞ አሠራሩ ይመለሳል፤ ባለሙያውም መመለሱን ያረጋግጣል።

ሰው ደረት ውስጥ ያለ መሣሪያ እንኳ የሚጠበቅበት ሥርዓት ይኸው ነው፦ ከትክክለኛው ምንጭ መቀበል፣ መሐል ላይ አለማቋረጥ፣ ሲያልቅ ማረጋገጥ። የእኛ ካሜራ ደግሞ መጠባበቂያ የለውም። በእነዚያ ደቂቃዎች ያለው ባትሪውና የእናንተ ትዕግሥት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቪዲዮውን አውጡ

ካርዱና የካሜራው ሜሞሪ የተለያዩ ናቸው ብያችኋለሁ። ስለዚህ አፕዴት በራሱ ካርዱ ላይ ያለውን ቪዲዮ አያጠፋም። ግን የአፕዴት ፋይሉ የሚያልፈው በዚያው ካርድ በኩል ነው። አንድ ነገር ከተሳሳተ ደግሞ ካሜራው "ካርዱን ፎርማት ላድርገው?" ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ተደናግጦ "አዎ" የሚል ሰው አይጠፋም። ፎርማት ማለት ሁሉንም መጥረግ ነው።

ባለፈው አዲስ አበባ ስሄድ አያቴ ቡና እያፈላች ስለ ልጅነቷ ስታወራ ቀርጫታለሁ። አርባ ደቂቃ ይሆናል። አሁንም ስደውልላት "ልጄ፣ ያ የቀረጽሽው አለ አይደል? እንዳታጠፊው እሺ?" ትለኛለች። ካሜራው ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። ያ አርባ ደቂቃ ግን የትም ሱቅ አይሸጥም። ስለዚህ አፕዴት ከማሰባችሁ በፊት ቪዲዮዎቹን ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፣ ከዚያ አንድ ሁለቱን ከፍታችሁ መጫወታቸውን እዩ። የሚቻል ከሆነ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

አደራረጉ

የማኅበራችን ካሜራ ጎፕሮ ስለሆነ በእሱ ላስረዳ። የሌሎቹም ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው፤ አፑ ብቻ ይለያያል። ዲጄአይ ኦስሞ አክሽን ያላችሁ ሚሞ የሚባለውን፣ ኢንስታ360 ያላችሁ ደግሞ የራሱን አፕ ትጠቀማላችሁ።

በመጀመሪያ ካሜራው ላይ አሁን ያለው ፈርምዌር ስንተኛው እንደሆነ እዩ። ከአዲሶቹ ሞዴሎች በአብዛኞቹ ላይ ስክሪኑን ከላይ ወደ ታች ስትጎትቱ ፕሪፈረንስስ የሚለውን ታገኛላችሁ፤ እዚያ ውስጥ አባውት፣ ከዚያም ካሜራ ኢንፎ ትገባላችሁ። የፈርምዌሩ ቁጥርም የካሜራው ሲሪያል ቁጥርም እዚያ አለ። ሁለቱንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ባትሪውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሙሉት።

አንዱ መንገድ በስልክ ነው። ኩዊክ የሚባለውን የጎፕሮ አፕ ከፍታችሁ ካሜራውን ታገናኛላችሁ። አፑ መጀመሪያ ፋይሉን ከኢንተርኔት ወደ ስልካችሁ ያወርዳል፣ ከዚያ በዋይፋይ ወደ ካሜራው ያሻግረዋል። እስኪሻገር ድረስ ስልኩንና ካሜራውን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡ፣ ከአፑም አትውጡ። በዚያ መሐል ቲክቶክ ማየት ይቅር።

ሁለተኛው መንገድ በካርድ ነው። እኔ ይህን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ዋይፋይ ቢቋረጥም አያሳስብም። የጎፕሮን ድረ ገጽ ከፍታችሁ፣ የካሜራችሁን ሞዴል ወይም ሲሪያል ቁጥር ሰጥታችሁ ፋይሉን ታወርዳላችሁ። ከሌላ ቦታ፣ "ይህ ይሻላል" ብሎ ሰው ከላከላችሁ ሊንክ አታውርዱ። የወረደው ዚፕ ፋይል ስለሆነ ትፈቱታላችሁ። በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት አፕዴት የሚል ስም ያለው ፎልደር ታገኛላችሁ። ያንን ፎልደር እንዳለ ካርዱ ላይ ትገለብጡታላችሁ፤ ሌላ ፎልደር ውስጥ ሳይሆን ካርዱ ሲከፈት መጀመሪያ በሚታየው ቦታ ላይ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር አለ። ፋይሉን ሁለት ጊዜ ካወረዳችሁት ኮምፒውተሩ ስሙ ላይ ቁጥር ይጨምርበታል። ካሜራው ደግሞ የሚፈልገው ያንኑ ስም ብቻ ነው። ካርዱን አስገብታችሁ ምንም ካልተፈጠረ፣ መጀመሪያ የፎልደሩን ስምና ቦታ እዩ።

ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ካርዱን ከኮምፒውተሩ በሥርዓት አስወጡት፣ የጠፋው ካሜራ ውስጥ አስገቡት፣ ከዚያ አብሩት። ስክሪኑ ላይ የአፕዴት ምልክት ይመጣል። ካሜራው ድምፅ ሊያሰማ፣ ሊጠፋና ተመልሶ ሊበራ ይችላል፤ አንዳንዴም ከአንድ ጊዜ በላይ። ይህ የተለመደ ነው። አንድ ጓደኛችን ሲጠፋ ጊዜ ተበላሸ ብሎ ባትሪውን መዞ አወጣው፤ ካሜራውም አልነሳ አለ። እንደ ዕድል ቡትሎደሩ ደህና ስለነበር፣ ካርዱን እንደገና አዘጋጅተን ስንሞክር ነቃ። ሁሉም እንዲህ ዕድለኛ አይሆንም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ሻይ ጠጡ። ሲጨርስ መጠናቀቁን ስክሪኑ ላይ ይነግራችኋል።

ሲያልቅ የሚታዩ ነገሮች

አዲሱን የፈርምዌር ቁጥር ቅድም ፎቶ ካነሳችሁት ጋር አስተያዩ። ቀንና ሰዓቱን እዩ፣ ምክንያቱም ቪዲዮዎቻችሁ የሚለዩት በእሱ ነው። አንድ ደቂቃ ቅረጹና ድምፁንም ምስሉንም መልሳችሁ ተመልከቱ።

ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ደግሞ አንቲ ፍሊከር የሚለውን እዩልኝ። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ ነው፤ የኢትዮጵያ ግን እንደ አውሮፓ 50 ነው። ካሜራው 60 ላይ እንደሆነ አዲስ አበባ ቤት ውስጥ፣ በአምፖል ብርሃን ስትቀርጹ መብራቱ ቪዲዮው ላይ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል። እዚያ ስትደርሱ 50 ላይ አድርጉት፣ ስትመለሱ ወደ 60 መልሱት። አፕዴት አንዳንድ ምርጫዎችን ወደ መጀመሪያው ሊመልስ ስለሚችል ከእያንዳንዱ አፕዴት በኋላ ይህን ማየት ልማድ ይሁንላችሁ።

መቼ ነው የማይደረገው?

የዝግጅት ቀን አፕዴት አታድርጉ። ለእንቁጣጣሽ አዳራሹ ሞልቶ፣ ጠዋት ካሜራው "አዲስ ፈርምዌር አለ" ቢላችሁ "በኋላ" በሉት። ትናንት የሠራ ካሜራ ዛሬም ይሠራል። አዲስ ፈርምዌር አዲስ ችግር ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ወደ ቀድሞው መመለስም ቀላል አይደለም። ኩባንያው ምን እንዳስተካከለ ስለሚጽፍ መጀመሪያ አንብቡት፤ የሚመለከታችሁ ነገር ከሌለ አትጣደፉ።

ለጉዞ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ እዚሁ ጨርሱ። አገር ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ኢንተርኔት ሊዘገይ፣ ባትሪ ልትሞሉ ስትሉም መብራት ሊሄድ ይችላል። ያን ጊዜ ደግሞ የምትቀርጹት ነገር ፊታችሁ ነው፤ ጥምቀት ይሁን፣ ሠርግ ይሁን፣ የአያታችሁ ጨዋታ ይሁን። አንድ ሳምንት ካላችሁ አፕዴቱ ቢያስቸግር እንኳ የምትጠይቁበት ወይም ሌላ ካሜራ የምትዋሱበት ጊዜ አላችሁ።

በአጭሩ፦ ቪዲዮውን አውጡ፣ ባትሪውን ሙሉ፣ ከራሱ ከአምራቹ አውርዱ፣ እስኪያልቅ አትንኩት፣ ሲያልቅ ሞክሩት። የማኅበሩን ካሜራ የምትዋሱ ደግሞ አፕዴት የማድረጉን ነገር ለእኔ ተዉልኝ፤ ተዘጋጅቶ ነው የምሰጣችሁ። የራሳችሁን ካሜራ ብቻችሁን መሞከር ከፈራችሁ በስብሰባችን ቀን ካርዱንና ቻርጀሩን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናደርገዋለን።

መልካም ጉዞ፣ መልካም ቀረጻ!