ዳነ ከተባለ በኋላ

ሳሪስ ገበያ ከጤና አዳምና ከበሶብላ ጎን እስር እስር ተደርጎ የሚሸጥ ቅጠል አለ፤ ዳማከሴ። ገዢውን «ለምን ፈለግኸው?» ብትሉት መልሱ አንድ ቃል ነው፤ «ለምች»። ፀሐይ ላይ ውሎ የገባ ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያተኩሰውና በማግስቱ ከንፈሩ ዳር ውኃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣበት «ምች መታው» ይባላል። ቅጠሉ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂው ከቡና ጋር ይጠጣል። በሳምንት በዐሥር ቀን ቁስሉ ቅርፊት ሠርቶ ይረግፋል፤ ሰውየውም ዳነ ይባላል።

ሐኪም ያንኑ የከንፈር ቁስል ሲያይ የሚያስበው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የተባለውን ቫይረስ ነው። የገበያውና የክሊኒኩ አነጋገር የሚጣረስ ይመስላል እንጂ አይጣረስም። ቫይረሱ ብዙዎቻችንን የሚይዘን በልጅነት ነው። የመጀመሪያው ቁስል ከደረቀ በኋላም ከሰውነት አይወጣም። የፊትን ስሜት ወደ አንጎል በሚያደርሰው ነርቭ ሽቅብ ተጉዞ ከራስ ቅል ሥር ባለ የነርቭ ሕዋሳት ቋጠሮ ውስጥ ይተኛል። ከዚያ የሚቀሰቅሱት ትኩሳት፣ ድካምና ብርቱ ፀሐይ ናቸው። እናቶቻችን «ፀሐይ መታህ» ሲሉ ቀስቃሹን በትክክል ለይተዋል። ያልታያቸው ተኝቶ የነበረው ነው።

«ዳነ» የምንለው ትኩሳት ሲበርድና ቆዳ ሲጠግ ነው። ነርቭ ግን በዚህ አቆጣጠር አይሄድም። ቆዳ ራሱን በሳምንታት ይተካል፤ የሞተ የኅብለ ሰረሰር ሕዋስ ምትክ የለውም። ስለዚህ ነርቭን የነካ ቫይረስ ሕመሙ አለፈ በተባለ በወሩ፣ በዓመቱ፣ አንዳንዴም በ40 ዓመቱ ተመልሶ ይጠይቃል።

ይህን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው አልማዝ ባለጭራ ነው። በደረት ወይም በጎን፣ በአንድ በኩል ብቻ፣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ እንደ ጭራ ይዘረጋል። ለምን በአንድ በኩል? ከኅብለ ሰረሰር ግራና ቀኝ የሚወጣው እያንዳንዱ ነርቭ የራሱ የሆነ የቆዳ ክልል አለው። ቫይረሱ ከአንድ ነርቭ ሥር ሲነሣ የሚወርደው በዚያው ክልል ነው፤ የሰውነትን መሀል ተሻግሮ ወደ ሌላው ጎን አይዘልቅም። ጭራ ያልነው የነርቩ መንገድ ነው።

ቫይረሱም ከውጭ የመጣ አዲስ እንግዳ አይደለም፤ በልጅነት ጉድፍ ያወጣብን ራሱ ነው። ሆፕ ሲምፕሰን የተባለ እንግሊዛዊ የገጠር ሐኪም የታካሚዎቹን መዝገብ ለዓመታት ሲከታተል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የጉድፍ ቫይረስ በነርቭ ሥር ተኝቶ እንደሚቆይና የሰውነት መከላከያ ሲላላ እንደሚነሣ አስረዳ። መከላከያ የሚላላው በእርጅና፣ በካንሰር ሕክምና፣ በኤችአይቪም ጭምር ነው። ኤችአይቪ አገር ባስጨነቀበት ዘመን ወጣት ሰው ላይ አልማዝ ሲወጣ ጎረቤት የሚንሾካሾከው በዚህ ምክንያት ነበር። ሹክሹክታው ግን ምርመራ አይደለም፤ አልማዝ የወጣበት ሰው ሁሉ ኤችአይቪ የለበትም፤ ቁርጡን የሚናገረው የደም ምርመራ ብቻ ነው።

ሽፍታው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደርቃል። አንዳንዱ ሰው ግን፣ በተለይ በዕድሜ የገፋው፣ ቆዳው ከጠገገ ከሦስት ወር በኋላም «ሸሚዝ ሲነካኝ ይለበልበኛል» ይላል። ይህ ማካበድ አይደለም። የቆሰለው ነርቭ ማንም ሳይነካው ወደ አንጎል የሕመም መልእክት ይልካል፤ የጨርቅን ንክኪ እንደ እሳት ይተረጉማል። የተለመደው ማስታገሻ ለዚህ ብዙም አይረዳም። ሐኪሞች የሚያዝዙት አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ነው። የመጀመሪያው ለድባቴም ስለሚሰጥ፣ «እኔ ጎኔን ነው ያመመኝ፣ ጭንቅላቴ ደኅና ነው» ብሎ የሚተወው ሰው አለ። መድኃኒቱ የታዘዘለት ግን የተረበሸውን ነርቭ እንዲያረጋጋ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የጊዜ ጉዳይ አለ። እንደ አሳይክሎቪር ያለ ፀረ ቫይረስ በደንብ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ሦስቱ ቀን በቅባትና በቅጠል ፍለጋ ካለቀ ዕድሉ ይጠባል። ሽፍታው በግንባር ወይም በአፍንጫ ጫፍ ከወጣ ዓይን አደጋ ላይ ነውና አንድ ቀን እንኳ ማዘግየት አይገባም።

የተኛ ቫይረስ አንጎልንም ይነካ ይሆን? በዌልስ የአልማዝ ባለጭራ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጀመር እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2 ቀን 1933 በፊት የተወለዱ አይሰጣቸው ተባለ፤ በዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ የተወለዱት ተፈቀደላቸው። በሳምንት የሚበላለጡ ሰዎች በኑሮም በጤናም ያው ናቸው፤ የለያቸው ክትባቱ ብቻ ነበር። ተመራማሪዎች ሁለቱን ወገኖች ለ7 ዓመታት አነጻጽረው፣ ክትባቱን በወሰዱት ላይ የመርሳት በሽታ በ20 በመቶ ገደማ ቀንሶ አገኙት። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ክትባቱ በምን መንገድ እንደረዳ ገና እየተጠና ነው፤ የነርቭ ቫይረስን ማስተኛት ለአንጎል ዕድሜ እንደሚበጅ ግን ጠንካራ ፍንጭ ሰጥቷል።

አልማዝ ነርቭን ያቆስላል፤ የልጅነት ልምሻ ግን ይገድለዋል። የፖሊዮ ቫይረስ በአፍ ገብቶ አንጀት ውስጥ ይራባል። ከተያዙ 200 ሰዎች በአንዱ ላይ ወደ ኅብለ ሰረሰር ዘልቆ ጡንቻን የሚያንቀሳቅሱትን ሕዋሳት ያጠፋል። ወር በገባ በ5 ሳሪስ አቦን ለመሳለም የሚሄድ ሰው፣ አንድ እግራቸው ቀጥኖ በክራንች የሚራመዱ ጎልማሶችን ማየቱ አይቀርም። በ1950ዎቹ በመናገሻ የተቋቋመው ቼሻየር የተባለ ማእከል እንዲህ ያሉ ሕፃናትን በድጋፍ ብረትና በአካል ማጠንከሪያ ሕክምና በእግራቸው ሲያቆም ኖሯል።

ልምሻ የመታው ልጅ ከትኩሳቱ ከተነሣ በኋላ ኃይሉ በከፊል ይመለሳል። ይህ የሚሆነው ከሞት የተረፉት የነርቭ ሕዋሳት አዲስ ቅርንጫፍ አውጥተው፣ አዛዥ የሞተባቸውን የጡንቻ ክሮች ስለሚረከቡ ነው። የጎረቤትን ወላጅ አልባ ልጆች ከራሷ ልጆች ጋር ደርባ እንደምታሳድግ እናት፣ አንዱ ሕዋስ የብዙውን ሸክም ይዞ 20 ወይም 30 ዓመት ይሠራል። በመጨረሻ ይደክማል። ያን ጊዜ ሰውየው ድሮ ይወጣው የነበረው ደረጃ ያቅተዋል፤ ደኅና የሚባለው እግር ሳይቀር ይዝላል። ይህ ድኅረ ፖሊዮ ይባላል፤ ልምሻ ከመታቸው 100 ሰዎች ከ25 እስከ 40 የሚሆኑትን እንደሚያገኝ ይገመታል። ቤተሰብ «እርጅና ነው» ይላል፤ ወዳጅ «ስፖርት ሥራ፣ ይፍታታል» ይላል። ምክሩ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም ጉዳት አለው፤ የዛለ ሕዋስ የሚፈልገው ልክ ያለው እንቅስቃሴና በየመሀሉ ዕረፍት ነው።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው የዱር ፖሊዮ በ2006 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ተመዘገበ፤ አፍሪካም ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም. ከዱር ፖሊዮ ነፃ ተባለች። ክትባት በደንብ ባልደረሰባቸው አካባቢዎች ከክትባት ቫይረስ የተለወጠው ዓይነት ከዚያም ወዲህ ታይቷልና ዘመቻው አላበቃም። ድሉ ግን አንድ የተሸፈነ ጎን አለው። በሽታውን አይቶ የማያውቅ ወጣት ሐኪም ከ50 ዓመት ሰው ፊት ተቀምጦ «በልጅነትዎ ልምሻ ነበረብዎ?» ብሎ መጠየቅ ላይታወሰው ይችላል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በየቀኑ ቁጥር እንሰማ ነበር፤ የተያዙ፣ ያገገሙ፣ የሞቱ። «ያገገሙ» የሚለው ዓምድ ሰፊ ነበር፤ ብዙ ነገርም ደብቋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ድኅረ ኮቪድን ሲተረጉም፣ ሕመሙ ከጀመረ ብዙውን ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይና ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ችግር ነው አለ። ምልክቶቹም ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና የሐሳብ መደነጋገር ናቸው። የእኛ ሰው «ጭንቅላቴ ፈዘዘ» የሚለው ይኸው ነው፤ የተሳፋሪውን መልስ መያዝ ያቃተው የታክሲ ረዳት፣ ቡና ሲቆላ የማይሸታት የቤት እመቤት። በብሪታንያ የ785 ሰዎች አንጎል ከወረርሽኙ በፊትና ወረርሽኙ ከጀመረ በኋላ በምስል ተነሥቶ ሲነጻጸር፣ ተይዘው በነበሩት 401 ሰዎች ከማሽተትና ከማስታወስ ጋር የተያያዙ ቦታዎች ካልተያዙት ይልቅ ከ0.2 እስከ 2 በመቶ ተጨማሪ መቀነስ አሳይተዋል። አብዛኞቹም ቤታቸው ሆነው የዳኑ ነበሩ። ይህ የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ዕጣ አይደለም፤ ብዙዎች በጊዜ ይሻላቸዋል። ጎድሎብኛል የሚለው ሰው ግን የሚያወራው እውነቱን ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

አንድ ነገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ትኩሳት ያለበት ሰው በድንገት ከተቀባዠረ፣ ጠባዩ ከተለወጠ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ ያ ቀሪ ሕመም ሳይሆን አጣዳፊ ነው። ያው የከንፈር ቁስል ቫይረስ በጥቂት ሰዎች ላይ አንጎልን ያቃጥላል፤ በጊዜ ካልታከመ አብዛኞቹን ይገድላል፤ ከተረፉትም ብዙዎቹን ትዝታ ይነጥቃል። መድኃኒቱ በደም ሥር የሚሰጥ አሳይክሎቪር ነው። ጸሎቱም ጠበሉም አይከለከልም፤ ሆስፒታሉ ግን ይቅደም።

የቀረው የእኛ የጠያቂዎች ድርሻ ነው። አገራችን በሽተኛ መጠየቅ ታውቃለች። ትኩሳት ሳለ ብርቱካን ይዘን እንሄዳለን፤ ሲነሣ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ብለን እንወጣለን፤ ከዚያ በኋላ ደጁን አንረግጥም። ጎኑ የሚለበልበው፣ እግሩ የሚዝልበት፣ ሐሳቡ የሚበተንበት ሰው ብቻውን የሚቀረው ያን ጊዜ ነው። በሦስተኛው ወር ጎራ ብለን «አሁንስ እንዴት ነህ?» ብንለው፣ ምናልባት ለሐኪሙ ያልነገረውን ለእኛ ይነግረን ይሆናል።