የመተማ ሰማይ፦ ኅብረ ከዋክብት ከምድር ሲታዩ

ከጎንደር ደጋ ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ ሙቀቱን ገና ሳይለምደው አንድ ነገር ይጎድልበታል፤ አቅጣጫ የሚነግሩት ተራሮች። በደጋው ሰው መንገዱን የሚለየው በተራራው፣ በገደሉና በደብሩ ነው። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ግን ሜዳው ሜዳን፣ የሰሊጥ ማሳው ሌላውን ማሳ ይመስላል። ለአጨዳ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ በሌሊት ወደ ሰፈሩ ሲመለስ አቅጣጫ ቢስት ውሃ ወደሌለበት ምድረ በዳ፣ ወይም ሳያውቀው ወደ ድንበሩ ሊያመራ ይችላል። ታዲያ በእንዲህ ያለ ሜዳ የታመነ ምልክት ከወዴት ይገኛል? መልሱ ከራሳችን በላይ ነው።

ቅርጹ የሚሠራው የት ነው?

ኅብረ ከዋክብት ማለት ከምድር ሲታዩ ተቀራርበው የተሰለፉ የሚመስሉ ከዋክብት የሚፈጥሩት ቅርጽ ነው። ዐይናችን የከዋክብትን ርቀት መለየት ስለማይችል፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ላይ የተለጠፉ ይመስሉናል። በታላቁ ድብ ውስጥ የሚገኙትንና የጭልፋ ቅርጽ ያላቸውን ሰባት ከዋክብት እንመልከት። አምስቱ ከእኛ 80 የብርሃን ዓመት ያህል ርቀው በእርግጥም አብረው ይጓዛሉ። በጭልፋው አፍና በእጀታው ጫፍ ያሉት ሁለቱ ግን ከ100 የብርሃን ዓመት በላይ የራቁ ባዕዳን ናቸው። ከሌላ ኮከብ ሆኖ ለሚያይ ጭልፋው ጭልፋ ላይሆን ይችላል።

ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ1922 እ.ኤ.አ. ሰማይን በ88 ኅብረ ከዋክብት ከፍሎ ስማቸውን አጸደቀ፤ ወሰኖቻቸውም በ1930 እ.ኤ.አ. ታትመው ወጡ።

ከ13 ዲግሪ ላይ

መተማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ስለሆነ፣ በመተማ ኮከቡ የሚታየው 13 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። እጅን ዘርግቶ የተጨበጠ ቡጢ 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ኮከቡ ከአንድ ቡጢ ጥቂት ከፍ ይላል። በአዲስ አበባ 9፣ በካይሮ 30 ዲግሪ ይደርሳል። ወደ ሰሜን 111 ኪሎ ሜትር በተጓዝን ቁጥር አንድ ዲግሪ ይጨምራል።

ይህ ዝቅታ ጉዳትም ጥቅምም አለው። አቧራና ጭጋግ ኮከቡን በቀላሉ ይሸፍኑታል። በአንጻሩ የደቡቡ ሰማይ ወለል ብሎ ይታያል። በግንቦት መጀመሪያ፣ ደመና በሌለበት ሌሊት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ሰው ጭልፋውን ከሰሜን ኮከብ በላይ ያገኘዋል፤ ወደ ደቡብ ሲዞር ደግሞ የደቡብ መስቀል ቀጥ ብሎ ቆሞ ይጠብቀዋል። የለንደን ነዋሪ የደቡብ መስቀልን ከቤቱ ሆኖ ከቶ አያየውም።

በጥቅምት፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወቅት፣ ጭልፋው በምሽት ከአድማስ በታች ይሆናል። ያን ጊዜ ምትኩ በሰሜን ምሥራቅ የሚወጣው፣ «ንጉሡ ሠ»ን የሚመስለው ካሲዮፒያ ነው፤ ስሙም በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንግሥት ስም ነው። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ የኦሪዮን መታጠቂያ የሆኑት ሦስት ከዋክብት በምሥራቅ ወጥተው በምዕራብ ይጠልቃሉ።

ሰማይ እንደ ቀን መቁጠሪያ

ምድር ፀሐይን ስለምትዞር እያንዳንዱ ኮከብ በየቀኑ ከትናንቱ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይወጣል፤ ይህም በወር 2 ሰዓት ይሆናል። ስለሆነም በተወሰነ ሰዓት የሚታየው ኅብረ ከዋክብት ወቅቱን ይናገራል። በታችኛው ኦሞ የሚኖሩት ሙርሲዎች የደቡብ መስቀልና የሴንታውረስ ከዋክብት በምሽት ተራ በተራ ሲሰወሩ እያዩ የኦሞን ወንዝ ሙላት ይከታተላሉ። ይህን ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ራግልስ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አቅርበውታል። ቦረናዎችም ወራቸውን የሚለዩት ጨረቃን ከተወሰኑ ከዋክብት ጋር በማስተያየት መሆኑን አስመሮም ለገሠ በ1973 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል።

ኮከብ መቁጠርና ኮከብ ማየት

በአገራችን የታወቁት የ12ቱ ከዋክብት ስሞች፣ ሐመል፣ ሠውር፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ዐቅራብ፣ ሑትና ሌሎቹም፣ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። መተማና ጋላባት በወሰን ቢለያዩም ጊንጡን በሰማይ ላይ በአንድ ስም ይጠሩታል።

ይሁንና ኮከብ ቆጣሪው የአንድን ሰው ኮከብ የሚያገኘው የስሙንና የእናቱን ስም ፊደላት ቁጥር ደምሮ በ12 እየገደፈ ነው፤ ሰማይን ማየት አያስፈልገውም። በልደት ቀን የሚቆጠረው የባሕር ማዶው ስሌትም ከሰማይ ጋር ተለያይቷል። የምድር ዛቢያ በ26,000 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ስለሚዞር፣ ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት በመጋቢት እኩለ ሌሊትና ቀን በሐመል የነበረችው ፀሐይ ዛሬ በዚያው ዕለት የምትገኘው በሑት ነው።

የሰው ዕጣ ፈንታ በከዋክብት ላይ አልተጻፈም። በሜዳ ላይ ለቀረ ሰው ግን ሰሜን የት እንደሆነ፣ ለገበሬ ወቅቱ የት እንደደረሰ ተጽፎባቸዋል። ውድ ተማሪዎች፣ ዛሬ ማታ ማዕዘን መለኪያ፣ ክርና ጠጠር ይዛችሁ የሰሜን ኮከብን ከፍታ ለኩ። የምታገኙት ቁጥር የቆማችሁበትን ኬክሮስ ይነግራችኋል።