አመነታ፣ አቅማማ፣ አንገራገረ፦ ሁሉም አንድ ናቸው እንዴ?

ለዛሬ ስለ ጥቂት ቃላት ላጫውታችሁ ነው። ቃላቱ ትናንሽ ናቸው፤ ግን እኔን ከአባቴ ፊት አሳፍረውኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድንመልሰው የተሰጠን አንድ አጭር የልምምድ ዜና ነበር። የበልግ ዝናብ በመዘግየቱ ገበሬዎች ለመዝራት «ሄዚታንት» ሆነዋል ይላል። እኔም ብዙ ሳልጨነቅ «አርሶ አደሮች ለመዝራት እያንገራገሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ውጤቴም ክፉ አልነበረም።

በየካቲት ለእረፍት ወደ መካነ ሰላም ስሄድ ወረቀቱን ይዤው ነበር። ማታ እሳት ዳር ለአባቴ አነበብኩለት። ሳልጨርስ አቋረጠኝ።

«ቆይ አንተ ልጅ፣ እኛ መች አንገራገርን? የሚያንገራግርማ በቅሎ ነው። እኛ ያለን ይቺው ዘር ናት። ካፊያው ጀምሮ ቢጠፋስ ብለን ነው የቆምነው።»

እውነቱን ነው። በእኛ ደጋ፣ ከአባይ በረሃ በላይ ባለው አገር፣ በበልግ የሚዘራው በአብዛኛው ገብስ ነው። የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ግንቦት ይጠበቃል፤ ግን አመሉ አይታወቅም። ዝናቡ ጀምሮ ቢቋረጥ የበቀለው ይደርቃል፣ ዘሩም ጠፋ ማለት ነው። ዘግይተው ቢዘሩ ደግሞ ሰብሉ ሳይደርስ ክረምቱ ይገባበታል። እዚህ መሀል የቆመ ሰው ሥራ ጠልቶ ሳይሆን እያሰላ ነው።

እስቲ ቃላቱን አንድ በአንድ እንያቸው።

«አመነታ» ከ«መንታ» ጋር ዘመድ ነው። ሰውየው ሁለት ሐሳብ ይዟል፤ የቱን ልያዝ እያለ ነው። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ጀርመኖች ጥርጣሬን «ጽቫይፍል» ሲሉ ውስጡ «ጽቫይ»፣ ማለትም ሁለት አለ። የእንግሊዝኛው «ዳውት»ም ሁለት ከሚለው የላቲን ቃል ጋር ይዛመዳል። «አቅማማ» ትንሽ ይለያል፤ ልቡ ሙሉ በሙሉ አልፈቀደም፣ ግን እምቢም አላለም። «አንገራገረ» ሲባል ደግሞ መቃወም አለበት። ወንዝ ዳር ደርሳ አልሻገርም ያለችን በቅሎ አስቡ። «ተግደረደረ» ከሁሉም ይለያል፤ ሆዱ ፈልጎ አፉ «በልቻለሁ» የሚል እንግዳ ነው፤ ባለቤቷ «በሞቴ» እስክትለው ይጠብቃል።

እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። «ሄዚቴት» ከላቲን ሲመጣ መጣበቅ ማለት ነው፤ ሰውየው መሄድ ፈልጎ እግሩ ተይዟል። «ሪላክታንት» ግን መታገል ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ ወደ እኛ «አንገራገረ» የሚቀርበው እሱ ነው። እኔ ሁለቱን ደባለቅኳቸው ማለት ነው። «ቫሲሌት» ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ነው፤ ከ«ወላወለ» ጋር ይሄዳል። ደስ ያለኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ «ዲሳይድ» የሚለው ቃል ሥሩ መቁረጥ ነው። እኛም የወሰነን ሰው «ቆረጠ» እንላለን!

ታዲያ ይሄ ሁሉ ለጋዜጠኛ ምን ያደርግለታል? ትላላችሁ። «አመነታ» የሚናገረው ስለ አንድ ጊዜ ነው። «ወላዋይ» ግን ሰውየውን ራሱን ይሰይመዋል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በነበሩት ዓመታት «ወላዋይ» እና «መሀል ሰፋሪ» ሰው የሚፈረጅባቸው የፖለቲካ ቃላት ነበሩ። በዚያ ዘመን ሰው በአንድ ቃል የተነሳ ብዙ ሊያጣ ይችል ነበር።

የቅርቡን ብናይ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጤና ስጋት ብሎ ከዘረዘራቸው 10 ጉዳዮች አንዱ የክትባት ማመንታት ነበር። ድርጅቱ በዚህ ስም ሁለቱንም፣ ማመንታትንም እምቢ ማለትንም፣ አንድ ላይ ይጠራቸዋል። እኛ ግን ዜና ስንሠራ ልንለያቸው ይገባል። «ልጄን ያመው ይሆን?» ብላ የጠየቀች እናት አመነታች እንጂ አላንገራገረችም። የምትፈልገው መልስ ነው። አንገራገረች ብለን ከጻፍን ግን አንባቢው ተግሣጽ እንጂ መልስ የሚያስፈልጋት አይመስለውም። ለገበሬውም ያው ነው፦ አንገራገረ ከተባለ ጥፋቱ የሱ ይሆናል፤ አመነታ ከተባለ ግን «ለምን?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፣ ዝናቡም ዘሩም ዜና ውስጥ ይገባሉ።

ስለዚህ አሁን አንድ ነገር ለምጃለሁ። ከእነዚህ ቃላት አንዱን ከመጻፌ በፊት ሰውየው ሁለት መንገድ እያየ ነው ወይስ አንዱን ጠልቷል ብዬ እጠይቃለሁ። ካላወቅኩ «እስካሁን አልወሰነም» ብዬ እተወዋለሁ።

ወደ ኮሌጅ ልመለስ ስል አባቴ ከማሳው ግማሹን ዘርቶ ነበር። የቀረውን ዘር ጆንያው ውስጥ እንዳለ ትቶታል። «ምነው ግማሹን?» ብለው፣ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል» አለኝና ሳቀ። ይሄንንስ አመነታ እንበለው?

ቸር እንሰንብት።