ኮምፖስታችሁ የሚሸተው ለምንድን ነው?

«ሸተተኝ፣ ዝንብ ወረረኝ» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ በዝታችኋል። መልሴ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ ደረቅ ነገር አሳንሳችሁበታል።

ከኩሽናችን የሚወጣው ሁሉ እርጥብ ነው። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ዘንግ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላ። እነዚህ ብቻቸውን ባልዲ ውስጥ ሲታጨቁ አየር ያጣሉ። ያኔ ሥራውን የሚረከቡት ያለ አየር የሚኖሩ ተህዋስያን ናቸው፤ ሽታውም የእነሱ ነው። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተቀበረ የምግብ ትራፊ ሚቴን ጋዝ የሚፈጠረውም በዚሁ መንገድ ነው።

ስለዚህ ከባልዲው አጠገብ አንድ ጆንያ ደረቅ ቅጠል አስቀምጡ። አንድ ጣሳ ልጣጭ በደፋችሁ ቁጥር ሁለት ሦስት ጣሳ ደረቅ አልብሱት። ጭድ፣ ሰጋቱራ፣ የተቀዳደደ ካርቶንም ይሆናል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ቶሎ አይበሰብስም፣ ባታበዙት ይሻላል። የቡና አተላን መልኩን አይተው ከደረቁ ወገን የሚቆጥሩት አሉ፤ ናይትሮጅን ስላለው ቦታው ከልጣጮቹ ጋር ነው። ጀበና ስታጥቡ ውሃውን አጥልሉና አተላውን ብቻ ጨምሩ። ወጥ የነካው፣ ቅባት ያለውና አጥንት አይግባ፤ አይጥ ይጠራል። (የተረፈ እንጀራ ከሆነ ደግሞ ድርቆሽ አድርጉት እንጂ ምን በወጣው!)

እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ክምሩ መሃል ዱላ ሰክታችሁ ተዉት። ከቀናት በኋላ ነቅላችሁ ጫፉን ዳስሱ። ሞቅና ረጠብ ካለ እሰየው፤ ሞቆ ከደረቀ ውሃ ጠምቶታል፤ ከቀዘቀዘና ከሸተተ ደረቅ ጨምራችሁ አገላብጡ። እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ እነ ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከገበሬዎች ጋር የጀመሩት የኮምፖስት ሥራ በእንዲህ ዓይነት ቀላል ዘዴዎች የተስፋፋ ነው። በክረምት ከመሬት በላይ ከምሩ፣ በበጋ ጉድጓድ ቆፍሩ የሚለውም እዚያ የሚሰጥ ምክር ነበር። ለአዲስ አበባ ጓሮም ልክ ነው፤ በሐምሌ ዝናብ የተቆፈረ ጉድጓድ ኩሬ ይሆናል።

ኮንዶሚኒየም ላይ በጋራ የምትሠሩ ከሆነ ከሽታው በላይ የሚያስቸግራችሁ ፌስታል ነው። «ሁላችንም እንከታተል» የተባለለት ክምር ማንም አይከታተለውም። ክዳኑን የሚቆልፍና የሚገባውን የሚያይ አንድ ሰው በተራ መድቡ።

ሦስት አራት ወር ቆይቶ ጠቁሮ፣ ዝናብ የመታው አፈር አፈር ሲሸት ደርሷል። ካጠራጠራችሁ እፍኝ ያህል በጣሳ አድርጋችሁ ፌጦ ዝሩበት። ፌጦ ቶሎ የሚበቅል ዘር ነው። በቀናት ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ ጓሯችሁ አፈር ላይ በትኑት፤ ካልበቀለ ወይም ከቢጫ ካላለፈ ኮምፖስቱ ገና ነውና ለተጨማሪ ሳምንታት ተዉት።