የአምባሰል ስም የማን ነው?

አምባሰል ተራራ ነው፤ መቀመጫው ውጫሌ የሆነ ወረዳም ነው። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ነው። የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው የገዙት ሀገርም ይኸው ነው። ስሙ በገበያም ኖሯል። የጥረት ኩባንያ የሆነው አምባሰል የንግድ ሥራዎች በዚህ ስም ይታወቅ ነበር፤ በካሴት ዘመን ዘፈን ያሳተመ ሙዚቃ ቤትም ይጠራበት ነበር።

ዛሬ አንድ ነጋዴ «አምባሰል ማር» ብሎ ማሸግ ቢጀምርና በሁለተኛው ዓመት ሌላው በዚያው ስም ገበያ ቢወጣ ማን ይከለከላል?

ብዙ ነጋዴ መልሱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ይመስለዋል። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዓሣ ቤት የከፈተ ሰው ከወረዳው ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ንግድ ፈቃዱን ይቀበላል። የንግድ ስሙና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ያሉበትን ወረቀት መስታወት አስገብቶ ከገንዘብ መቀበያው በላይ ይሰቅላል፤ ስሙን የያዘው ይመስለዋል። ወረቀቱ ግን ድርጅቱ በምን ስም እንደሚሠራ የሚናገር እንጂ ዕቃው ላይ የሚለጠፈውን ምልክት የሚያስከብር አይደለም። የንግድ ስም እና የንግድ ምልክት ሁለት የተለያዩ መብቶች ናቸው፤ የሚመዘገቡትም በተለያየ መሥሪያ ቤት ነው። ምልክቱን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ በ1995 ዓ.ም. ጽሕፈት ቤት ሆኖ የተቋቋመው ተቋም ማለት ነው።

ቀድሞ ነገሩ ልል ነበር። የምልክቱ ባለቤት ምልክቱን ንግድ ሚኒስቴር ያስቀምጥና በጋዜጣ የማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ይህን ለወጠው። ደንቡ፣ ቁጥር 273/2005፣ ሲወጣ ደግሞ ቀደም ብለው የተቀመጡ ምልክቶች እንደገና እንዲመዘገቡ ተጠየቀ። በአዋጁ መሠረት የባለቤትነት መብት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ለሃያ ዓመት በስሙ የሠራ ሰው ሳያስመዘግብ ከቀረ፣ ትናንት የመጣው ቀድሞት ማመልከቻ ሊያስገባ ይችላል። ለዚህ ነው ማመልከቻው ለሕዝብ የሚገለጸው፤ መብቴ ተነካ የሚል ሰው በ60 ቀን ውስጥ ተቃውሞውን ማቅረብ አለበት። አዲስ አበባ የወጣን ማስታወቂያ የውጫሌ ነጋዴ በጊዜው ያያል ብሎ ማሰብ ግን ከባድ ነው፤ የአሠራሩ ትልቁ ክፍተት ይህ ይመስላል።

ሌሎች የሚጠቀሙበት ስም ሁሉ ደግሞ የተዘጋ በር አይደለም። ምልክት የሚመዘገበው ለተወሰነ የዕቃ ወይም የአገልግሎት ምድብ ነው። ዳሸን ባንክና ዳሸን ቢራ በአንድ ተራራ ስም ይሠራሉ። አዋሽ ባንክና አዋሽ ወይንም እንዲሁ። ቁጠባ የሚያስገባ ሰው ከቢራ ጋር አይምታታበትም፤ ሕጉ የሚፈራው መምታታቱን ነው።

የቦታ ስም ሲሆን ግን ጣጣው ይበዛል፤ ይህንን ከቡናችን በላይ ያሳየን የለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ለማድረግ አመለከተች። በሲዳሞ ላይ ቀዳሚ ነበረባት፦ የአሜሪካው ቡና ሻጭ ስታርባክስ በ2004 ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበትን የአንድ ቡናውን ስም ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። የርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም በወቅቱ እንዳስታወቀው ይህ ቡና እዚያ በፓውንድ እስከ 26 ዶላር ሲሸጥ ለገበሬው የሚደርሰው ከ1 ዶላር እምብዛም አይበልጥም ነበር። ስታርባክስ ማመልከቻውን ቢተውም የአሜሪካ ቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል የሚል ነበር ክርክሩ። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይርጋጨፌን ተቀብሎ ሐረርንና ሲዳሞን ውድቅ አደረገ።

በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ግን አልተወውም። እነዚህ ስሞች በገዢው አእምሮ የኢትዮጵያን ቡና የሚለዩ መሆናቸውን በማስረጃ ተከራከረ። በ2006 መጨረሻ ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፤ በሰኔ 2007 ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈረመ፤ በ2008 ሁለቱም ስሞች ተመዘገቡ። ይበልጥ ብልህ የነበረው ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው። ኢትዮጵያ ስሙን ቆልፋ አላስቀመጠችም፤ ለቡና ገዢዎች ያለ ክፍያ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሰጠች። በምላሹ የጠበቀችው ስሙን በአግባቡ እንዲጠሩና እንዲያስተዋውቁ ነው።

ወደ ማሩ ስንመለስ፣ አዋጁ የዕቃውን መገኛ ብቻ የሚናገር ምልክት ለብቻው እንዲመዘገብ አይፈቅድም። ስለዚህ «አምባሰል» የሚለው ቃል ብቻውን ለአምባሰል ማር የአንድ ሰው ምልክት ሊሆን አይገባም። የራሱን ለይቶ የሚያሳውቅ ቃል ወይም ሥዕል የጨመረበት ነጋዴ ግን ሊያስመዘግብ ይችላል። ካስመዘገበ በኋላም ጎረቤቱን «ማሬ የአምባሰል ነው» እንዳይል ሊከለክለው አይችልም፤ የቦታን ስም በቅን ልቦና መጠቀም ተፈቅዷል። የተመዘገበው ምልክት የሚጸናው ለ7 ዓመት ሲሆን ሊታደስ ይችላል።

አዋጁ የወል የንግድ ምልክትንም ያውቃል፤ ማኅበር አስመዝግቦት አባላቱ በጋራ ደንብ የሚጠቀሙበት ነው። የአምባሰልና የሐይቅ አምራቾች ሊያስቡበት የሚገባው ይህንን ነው። የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤቶችም ፈቃዱን በሚሰጡበት ዕለት «ይህ የንግድ ስምዎ ነው፤ ምልክትዎን ግን ባለሥልጣኑ ዘንድ ያስመዝግቡ» ብለው ይንገሩ። ነጋዴውም ታፔላና ማሸጊያ ከማሳተሙ በፊት ስሙ በሌላ ተይዞ እንደሆነ መዝገቡን ያስፈትሽ።