የተቋጨ የጋቢ ጫፍ ለምን አይፈታም?

አዲስ ጋቢ ከሸማኔ እጅ ሲወጣ በሁለቱ ጫፎቹ ያልተሸመነ ክር ተንዠርጎ ይቀራል። ይህ ክር የድሩ ትርፍ ነው። ድር በጨርቁ ርዝመት የተወጠረው ክር ነው፤ ማግ ደግሞ በመወርወሪያ እየተመላለሰ ድሩን የሚያቋርጠው። በጎንና በጎን ማጉ ዞሮ ስለሚመለስ ማምለጫ የለውም። በጫፉ በኩል ግን የመጨረሻውን ማግ የሚይዘው የለም። ጋቢው ሳይቋጭ ቢታጠብ ማጉ ከጫፉ እየተንሸራተተ ይወጣል፤ ያ ሁሉ የተደከመበት ጥለትም መተርተር ይጀምራል። መቋጨት ለጌጥ ብቻ የሚመስለው ካለ አንድ ያልተቋጨ ነጠላ አጥቦ ይየው።

ቋጪዋ የምታደርገውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ጥቂት የድር ክሮች ትይዝና ለሁለት ትከፍላቸዋለች። ሁለቱን ጭኗ ላይ ጎን ለጎን አድርጋ በመዳፏ ወደ ፊት ታሻቸዋለች፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ይከርራል። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ታጋጥምና በተቃራኒው ወደ ኋላ ታሻቸዋለች፤ አሁን እርስ በርሳቸው ይጠማዘዛሉ። ጫፉን ትቋጥራለች፣ ወደ ቀጣዩ ታልፋለች። እጇ ስለለመደው ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ቁም ነገሩ ሁሉ ግን ያለው በዚያች አቅጣጫ መቀየር ውስጥ ነው።

የከረረ ክር ሁልጊዜ መላላት ይፈልጋል። ወደ ቀኝ ካከረራችሁት ስትለቁት ወደ ግራ ይዞራል። ሁለት ወደ ቀኝ የከረሩ ክሮች ጎን ለጎን ሆነው ጫፎቻቸው ሲያያዙ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ ግራ መዞር ይሻሉ፤ ተያይዘው ሲዞሩም አንዱ በሌላው ላይ ይጠመጠማል። መጠምጠሙ የሚቆመው ክሮቹ ለመላላት የሚገፉበት ኃይልና ጥምጥሙ ራሱ ለመፈታት የሚገፋበት ኃይል ሲተካከሉ ነው። ከዚህ በኋላ ጥምጥሙ ይፈታ ቢባል እያንዳንዱ ክር ከቀድሞው ይበልጥ መክረር ይኖርበታል፤ የከረረ ክር ደግሞ ይህን እምቢ ይላል። ስለዚህ አንዱ ለመላላት ያለው ፍላጎት ሌላውን አጥብቆ ይይዘዋል። ከታች ያለው ቋጠሮ የጫፉን መበተን ይከለክላል እንጂ ጥምጥሙን የያዘው እሱ አይደለም።

ለማመን ክንድ የሚያህል የስፌት ክር በቂ ነው። አንዱን ጫፍ ሌላ ሰው ይያዝላችሁና ሌላውን በጣቶቻችሁ መካከል በአንድ አቅጣጫ ብቻ ደጋግማችሁ አክርሩት። ሳትለቁት መሃሉን በእርሳስ ያዙ፤ ሁለቱን ጫፎች አቀራርባችሁ እርሳሱን አውጡት። ክሩ ማንም ሳይነካው በራሱ ላይ ይጠመጠማል። ገመድ የሚገመደውም በዚሁ ሕግ ነው።

ሰበቃም ሥራውን ያግዛል። የተጠማዘዙ ክሮች ሲጎተቱ አንዱ ሌላውን ይጫናል፤ ጉተታው በበረታ ቁጥር መያዣቸውም ይጠብቃል። አንዲት የጥጥ ቃጫ ብዙውን ጊዜ 3 ሴንቲ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ በእንዝርት ስትፈተል ግን ከሌሎቹ ጋር ሆና ብዙ ክንድ የሚረዝም ፈትል ታወጣለች። ሙጫ የለ፣ ቋጠሮ የለ፤ የያዛት መክረሩና ሰበቃው ብቻ ነው።

ራሳችሁ ለመቋጨት ካሰባችሁ አንድ ነገር ቀድማችሁ ፈትሹ። ከጫፉ አንድ ክር ያዙና በጣቶቻችሁ አሽከርክሩት። ከጠበቀና ከጠነከረ የተፈተለበት አቅጣጫ ያ ነው፤ ከተበተነና ከሳሳ ተቃራኒው ነው። የመጀመሪያውን ማክረር ክሩ በሚጠብቅበት አቅጣጫ አድርጉት። በተቃራኒው ከጀመራችሁ ፈታዩ የሠራውን እያፈረሳችሁ ነውና ጫፉ ቶሎ ይሳሳል፣ ይበጠሳልም።

ጉንጉን ከዚህ ይለያል። ጸጉር ሲጎነጎን ሦስቱ ዘለላዎች በየተራ በመሃል ይሻገራሉ እንጂ አይከርሩም። አንዱ ወደ ቀኝ እንደሄደ ሁሉ ተመልሶ ወደ ግራ ስለሚሄድ የተጠራቀመ የመዞር ኃይል የለም። ስለዚህ ጉንጉን ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፣ አይጥመለመልም፤ ጫፉ ካልታሰረ ግን ከታች ወደ ላይ ይፈታል። መቀነትን ወይም የቦርሳ ማንገቻን መጎንጎን መልካም ነው። የጋቢን ጫፍ ግን ብቋጨው እመርጣለሁ፤ ከብዙ እጥበት በኋላም ቅርጹን ይይዛልና።

ጨርቅ በመታጠፍ ቅርጹን የሚይዝበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። ልብስ ሰፊው ዘንድ ሽንሽንና ሽብሽብ አንድ አይደሉም። ሽብሽብ ማለት ክር አስገብቶ ጨርቁን መሰብሰብ ነው፤ እጥፋቱ እንደወደቀ ይወድቃል። ሽንሽን ግን ተለክቶ፣ በአንድ አቅጣጫ ታጥፎ፣ በካውያ የተተኮሰ ነው። በእያንዳንዱ ሽንሽን ቦታ ጨርቁ ሦስት ድርብ ስለሚሆን፣ ሽንሽኖቹ ተነካክተው ወገቡን ከሞሉት 1 ሜትር ለሆነ ወገብ 3 ሜትር ጨርቅ ይፈጃል። ብዙ ሰው ጨርቅ አሳጥሮ ገዝቶ ልብስ ሰፊውን የሚወቅሰው ይህን ስላላሰላ ነው።

ሽንሽኑ መቆየት አለመቆየቱን የሚወስነው ጨርቁ ነው። ጥጥ ውስጥ ያሉት ረጃጅም ሰንሰለቶች እርስ በርስ የሚያያዙበትን ደካማ ማሰሪያ ውሃ ይፈታዋል። በእንፋሎት ስትተኩሱት ማሰሪያው ይላቀቅና ጨርቁ ሲደርቅ በአዲሱ እጥፋት ላይ እንደገና ይያያዛል። ታጥቦ ሲርስ ደግሞ ያው ማሰሪያ ተፈትቶ እጥፋቱ ይጠፋል። ያው ውሃ ሽንሽኑን ይሠራዋል፣ ያው ውሃ ያፈርሰዋል። በ1941 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የተፈለሰፈው ፖሊስተር ግን ውሃን ብዙም አይቀበልም፤ ቅርጹን የሚቀይረው ሙቀት ነው። ከ70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በታች ሰንሰለቶቹ ባሉበት ስለሚረጉ፣ በከፍተኛ ሙቀት የተሸነሸነ ፖሊስተር ለብ ባለ ውሃ ቢታጠብ ሽንሽኑን አይለቅም። ጃፓናዊው ዲዛይነር ኢሴ ሚያኬ በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ታዋቂ ሽንሽን ልብሶች የተሠሩት በዚህ ነው፤ ልብሱ ከሚፈለገው መጠን እስከ ሦስት እጥፍ አድጎ ይሰፋና በወረቀት መካከል ሆኖ በሙቅ መጫኛ ይሸነሸናል።

እንግዲህ ከሸማ የሐበሻ ቀሚስ አሰፍታችሁ ሽንሽን ከፈለጋችሁ ካውያ ብቻውን አያስተማምንም። ሽንሽኑ ከወገብ ጀምሮ ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች በስፌት ይያዝ፤ ከዚያ በታች ያለው ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ ገና እርጥበቱ ሳይለቀው ይተኮስ። ፖሊስተር ከሆነ ደግሞ በሚፋጅ ውሃ አትዘፍዝፉት፣ ሞቅ ባለ ካውያም በሽንሽኑ ላይ አትሂዱበት።